የሕግ ጥያቄዎ፦ «ኮሮና ነው» ብሎ ከውል መውጣት ይቻላል?

ኮሮና ካለፈ ቆየ። ጥያቄው ግን ገና አላለፈም። ሰዉ አሁንም በዚያን ጊዜ ኪራይ፣ ውልና ውርስ እየተካሰሰ ነው። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አገራችሁን ስላልጻፋችሁልኝ የምነግራችሁ በጥቅሉ ነው፤ ክስ ከመክፈታችሁ በፊት ያገራችሁን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ወረቀታችሁን ይየው።

ጥያቄ፦ ለሠርጌ አዳራሽ ተከራይቼ ግማሹን ከፍዬ ነበር። መሰብሰብ ሲከለከል ሠርጉ ቀረ። ባለ አዳራሹ «አዳራሹ ክፍት ነበር፣ ያልመጣሽው አንቺ ነሽ» ብሎ ገንዘቤን ከለከለኝ። እውነት አለው?

መልስ፦ ያናድዳል፣ ግን የሰውየው ክርክር ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። «ወረርሽኝ ነበር» ማለት ብቻውን ማንንም ከውል አያወጣም። ሕግ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» ሲል የሚጠይቀው በሽታ መኖር አለመኖሩን ሳይሆን፣ እርስዎን በዚያች ቀን በትክክል ምን እንደከለከለዎት ነው። ፈርተው ከቀሩ አንድ ነገር ነው። መንግሥት ስብሰባ ከልክሎ ከቀሩ ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ የተፈራረሙት መቼ ነው? በሽታው ዓለምን ካዳረሰ በኋላ ከሆነ «አልጠበቅሁም ነበር» ማለት ይከብዳል።

ለእርስዎ የሚሆን አንድ የቆየ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1902 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ሊጭኑ ነው፤ ሰልፉ በሚያልፍበት ጎዳና መስኮት ያለው ሰው ክፍሉን ለተመልካች ያከራይ ነበር። አንዱ ለሁለት ቀን በ75 ፓውንድ ተዋዋለና 25ቱን ቀድሞ ከፈለ። ንጉሡ ታመሙ፣ ሰልፉም ተላለፈ። ክፍሉ ግን እዚያው አለ፣ መስኮቱም አልተዘጋም! አከራዩ ቀሪውን 50 ፓውንድ አምጣ ብሎ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ1903 ተከራዩ አይከፍልም አለ። ምክንያቱም ሰውየው የፈለገው አራት ግድግዳ ሳይሆን ሰልፉን ማየት ነበር፣ ይህንንም ሁለቱም ያውቁ ነበር። የእርስዎም አዳራሽ ለሠርግ እንደተያዘ ውሉ ወይም የተላላካችሁት መልእክት ካሳየ «ክፍት ነበር» የሚለው መልስ ብዙም አያስኬድም።

ያ ተከራይ ግን የከፈላትን 25 ፓውንድ በዚያ ፍርድ አላስመለሰም። እንግሊዞች ይህን ያስተካከሉት በ1943 ባወጡት ሕግ ነው፦ የተከፈለው ይመለሳል፣ ፍርድ ቤቱ ግን ተቀባዩ ለዝግጅት ያወጣውን ወጪ እንዲያስቀር ሊፈቅድለት ይችላል። ስለዚህ ሰውየውን «በእኔ ሠርግ ምን አወጣህ? ደረሰኙን አሳየኝ» ይበሉት። የክልከላውን ትእዛዝ ቅጂና የጥሪ ካርዱን አይጣሉ። ሌላ ቀን ሰጥቶዎት እምቢ ብለው ከሆነም አይደብቁ፣ መምጣቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ያኔ ተከራይ ማስወጣት ተከልክሎ ስለነበር ስድስት ወር ኪራይ አልከፈልኩም። አሁን ይጠይቁኛል። ዕዳው ተሰርዟል አይደል?

መልስ፦ አልተሰረዘም። ብዙዎቹ ክልከላዎች ያቆሙት መባረርን እንጂ ኪራዩን አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም በሴፕቴምበር 2020 ያወጣው እገዳ ራሱ ኪራዩ ዕዳ ሆኖ እንደሚቀጥል በግልጽ ይላል፤ እገዳውንም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦገስት 2021 አስቆመው። ሄደው ቀስ እያሉ የሚከፍሉበትን ይነጋገሩ፣ የተስማማችሁትንም በጽሑፍ ያድርጉት። በቃል የተባለ «ግድ የለም» ሲጣሉ ይረሳል።

ጥያቄ፦ አባታችን ከማረፋቸው በፊት ሆስፒታል ሆነው «ቤቱ ለታናሿ ይሁን» ብለው በስልክ ቪዲዮ ነገሩን። ቪዲዮው እኔ ጋ አለ። ወንድሜ ግን ኑዛዜ አይደለም ይላል።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ወንድምዎ ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል፣ አብዛኛው ሕግ ከእሱ ጋር ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ኑዛዜ በቪዲዮ ተፈቀደ ሲባል ብዙ ሰው የተረዳው ለካሜራ መናገር በቂ ነው ብሎ ነው። እንግሊዝና ዌልስ በ2020 የፈቀዱት ምስክሮች ተናዛዡ ሲፈርም በቀጥታ ቪዲዮ እንዲያዩት ነበር። ወረቀቱ አልቀረም፣ ፊርማውም በእጅ ነው፤ ከዚያ ያው ወረቀት ወደ ምስክሮቹ ሄዶ እነሱም ተናዛዡ በቪዲዮ እያያቸው ይፈርሙበታል። የቀለለው አንድ ክፍል ውስጥ መሆን ብቻ ነበር።

ተስፋ የለም ማለቴ ግን አይደለም። እንደ አውስትራሊያ ባሉ አገሮች ፍርድ ቤት ሥርዓቱን ያላሟላ ኑዛዜንም፣ የሟቹ የመጨረሻ ፈቃድ መሆኑ ከተረጋገጠለት፣ ሊቀበል ይችላል። ቪዲዮውን አይቁረጡት፣ አያሳጥሩት። እየተላላከ ጥራቱ የወረደው ሳይሆን መጀመሪያ የተቀረጸው ይቀመጥ፣ ስልኩም አይሸጥ። ከሁሉ በፊት ግን ወንድምና እህት ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ችሎቴ በቪዲዮ ነው ተባልኩ። ይህ የኮሮና ጊዜ ነገር አልቀረም እንዴ? ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ብዙ ቦታ አልቀረም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ በሜይ 4 ቀን 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክር በስልክ ሰማ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በቀጥታ ሥርጭቱ መሀል የሆነ ሰው ሽንት ቤት ውኃ ሲለቅ ተሰማ። ቴክሳስ ውስጥ ደግሞ አንድ ጠበቃ በ2021 ሳያውቅ በርቶ በቆየ የቪዲዮ ፊልተር (መልክ በሚቀይር ማጣሪያ) ምክንያት ዳኛው ፊት የድመት መልክ ይዞ ቀርቦ «እዚህ ነኝ፣ ድመት አይደለሁም» እስከማለት ደርሷል። ስለዚህ ከእርስዎ በፊት የተዋረደ አለ። ኢንተርኔትዎ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ቀጠሮው ሳይደርስ ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በአካል ልቅረብ ብለውም መጠየቅ ይችላሉ። በመሀል ከተቋረጠ «አልሰማሁም፣ ይደገምልኝ» ይበሉና መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። አፍረው «እሺ» ያሉትን በይግባኝ ማንሳት ይከብዳል።