ሕግ ትምህርቴን ለግጥም ብዬ ላቋርጥ?

የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የሆንሽው እህታችን፣ የሜክሲኮው ገጣሚ ራሞን ሎፔስ ቬላርዴ በ33 ዓመቱ መሞቱን አንብበሽ «ዕድሜ አይታመንም፣ ትምህርቱን ትቼ ግጥም ልጻፍ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽናል። አትተዪው። የእሱም ሕይወት የሚመክርሽ ይህንኑ ነው።

ሎፔስ ቬላርዴ በሳን ሉዊስ ፖቶሲ ሕግ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1911 ተመረቀ። ቬናዶ በምትባል ትንሽ ከተማ ዳኛ ሆኗል፤ ሜክሲኮ ሲቲ ከገባ በኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርቷል፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምሯል። በዚህ ሁሉ መሀል ለጋዜጣና ለመጽሔት መጻፉን አላቆመም፤ የመጀመሪያ መድበሉ በ1916፣ ሁለተኛው በ1919 ታተመ። የሳንባ ምች የገደለው ጁን 19 ቀን 1921 ነው፤ 33 ዓመት ከሞላው ገና አራት ቀኑ ነበር።

ዛሬም ሜክሲኮዎች አብዝተው የሚያነሱለት «ላ ስዋቬ ፓትሪያ» በዚያው ዓመት የጻፈው ግጥም ነው። አገሩን የሚያወድሰው በዳቦ ቤት ሽታ፣ በበቆሎ፣ እንደ ልጅ መጫወቻ በሚታይ ባቡር ነው። ይህን ያገኘው ካደገባት ከኼሬስና ከክፍለ ሀገር ኑሮ እንጂ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ አይደለም። ግጥሙ እስካሁን የሚኖረውም በዚህ ይመስለናል።

ሞቱን ካሰብሽ አይቀር፣ የሚያሳስበው የጽሑፍሽ አያያዝ ነው። የስድ ጽሑፎቹ መጽሐፍ በ1923፣ ሦስተኛው የግጥም መድበል በ1932 ሲወጡ እሱ አልነበረም። ስልክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ግጥም ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቀን ያልተጻፈባቸው አምስት ረቂቆች ካሉሽ ደግሞ የመጨረሻው የቱ እንደሆነ ሌላ ሰው አያውቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ረቂቅ ላይ ቀን ጻፊ፣ ያለቀውን «ያለቀ» በይው፣ አንድ ቅጂ አትመሽ ለምታምኚው ሰው ስጪ። ቴሌግራም ላይ ከመልቀቅሽ በፊት ለመጽሔት ላኪው፤ ስም ሳይያዝ የተሰራጨን ግጥም የራስ ነው ብሎ ማስረዳት አድካሚ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ሕግ ተማሪ ነሽና አዋጁን ራስሽ አንብቢው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በሳምንት አራት ቀን ጠዋት አንድ አንድ ሰዓት፣ በወር አንድ ያለቀ ግጥም ይበቃል። የመውጫ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ወደ እሁድ ብቻ ቀንሺው።