ከሜሹ በፊት ሳፖርቱን፦ ስትረስ አናሊስስ ለምትጀምሩ

ልጆቼ፣ በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ምህንድስና ለምትማሩ ሁሉ፦

ፋይናይት ኤለመንት (ዕቃን በኮምፒውተር ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ስትረሱን፣ ማለትም በውስጡ በስፋት የሚካፈለውን ኃይል፣ ማስላት) የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን ለሜሽ፣ ለክፍሎቹ መረብ፣ ይሰጣል። እናንተ ግን ሎዱ (ጭነቱ) እና ሳፖርቱ (ዕቃው የተያዘበት ድጋፍ) ላይ ቆዩ። ሻካራ ሜሽ ሲደቅ ይታረማል። ሳፖርቱ ከተሳሳተ ግን ሜሹን የቱንም ያህል ብታደቁት የምታገኙት የሌላ ዕቃ መልስ ነው።

በየግቢው የምታዩትን ባለ አራት እግር የሮቶ ማስቀመጫ እንውሰድ። 5,000 ሊትር ውሃ 5,000 ኪሎ ነው፤ በ9.81 ሲባዛ 49,050 ኒውተን ይሆናል። ይህን መድረኩ መሃል አንድ ኖድ (የሜሹ ነጥብ) ላይ አትጫኑት። ነጥብ ስፋት ስለሌለው ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ስትረሱ ማቆሚያ ሳይኖረው ይወጣል። ሮቶው በሚያርፍበት ስፋት ሁሉ በትኑት፤ ዲያሜትሩ 1.8 ሜትር ከሆነ ፕሬዠሩ ወደ 0.019 ሜጋፓስካል ነው። የብረቱን የራሱን ክብደትም ጨምሩ። በሚሊሜትር፣ በኒውተንና በቶን ከሠራችሁ ግራቪቲ 9,810፣ የብረት ዴንሲቲ 0.00000000785 ነው። እዚህ ቦታ 7,850 ከገባ ክብደቱ ትሪሊዮን እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ እግሮቹ። አራቱንም ፊክስ ማድረግ ይቀላል፤ አብዛኛው ስሕተት የሚገባውም በዚሁ በር ነው። ፊክስ ማለት መሬቱ ይገፋል፣ ይስባል፣ መዞርንም ይከለክላል ማለት ነው። እግሩ ድንጋይ ላይ ብቻ ከተቀመጠ ግን ድንጋይ ይገፋል እንጂ አይስብም። ሮቶው ሲሞላ ውሃው ይህን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ባዶውን፣ ነፋስ በጎን ሲገፋው፣ ለብቻ አስሉት። ሪአክሽኑ (ሳፖርቱ የሚመልሰው ኃይል) ወደ ታች የሚጎትት እግር ካያችሁ ሶፍትዌሩ የሌለ ብሎን አስሮላችኋል፤ በእውኑ ያ እግር ይነሳል። ብሎን ካለ ደግሞ ብሎኑን የምትመርጡት በዚያ ቁጥር ነው።

መድረኩን የተሸከመው አግዳሚ ብረትም እንዲሁ ነው። ሎዱ መሃሉ ላይ ሲያርፍ፣ ጫፎቹ ፒን (የተያዙ ግን መዞር የሚችሉ) ከሆኑ ፊክስ ከሆኑበት 4 እጥፍ ይጎብጣል፤ ከፍተኛው ሞመንትም (ብረቱን የሚያጎብጠው ጉልበት) እጥፍ ነው። የብየዳ ቤት ስፌት በሁለቱ መካከል ስለሆነ ሁለቱንም አስሉና የከፋውን ያዙ።

ሳፖርት ሲጎድል ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል፦ ሶፍትዌሩ አልሠራም ይላል፣ ወይም ዕቃው ኪሎሜትሮች ተጉዞ ታገኙታላችሁ። ፈርታችሁ ሁሉንም ፊክስ አታድርጉ። ከስድስቱ እንቅስቃሴዎች (በሦስት አቅጣጫ መሄድና በሦስቱ ዙሪያ መዞር) የትኛው እንዳልታሰረ ፈልጉና እሱን ብቻ እሰሩ።

ስሌቱ ሲያልቅ ስትረሱን ከሚያሳየው ባለቀለም ሥዕል በፊት ሪአክሽኖቹን ደምሩ። ወደ ላይ የሚገፋው ድምር 49,050 እና የብረቱ ክብደት ካልሆነ ስትረሱን አትመልከቱ።

ለመለማመጃ ቁመቱ 40፣ ወርዱ 20፣ ርዝመቱ 500 ሚሊሜትር የሆነ ድፍን ብረት አንዱን ጫፍ ፊክስ አድርጉና በሌላው 1,000 ኒውተን ወደ ታች ጫኑ። ኢላስቲክ ሞጁለሱ (የብረቱ ግትርነት) 200,000 ሜጋፓስካል ሲሆን የእጅ ስሌቱ 1.95 ሚሊሜትር መጉበጥና 94 ሜጋፓስካል ስትረስ ይሰጣል። ፊክስ ያደረጋችሁበት ጠርዝ ላይ ከ94 በላይ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ ሳፖርቱ ብረቱ በጎን እንዳይሰፋና እንዳይጠብብ ስለያዘው ነው። ከጠርዙ 40 ሚሊሜትር ያህል ራቁና እዚያ ያለውን አንብቡ፤ 86 አካባቢ መሆን አለበት።