በብሮንኮስኮፒ ለመሠልጠን ለምትዘጋጁ ወጣት ሐኪሞች

ሰሞኑን በሳንባ ሕክምና በመሠልጠን ላይ ያለ አንድ ወጣት ሐኪም «ሌዘሩን፣ ስቴንቱን ወይስ አልትራሳውንድ ያለውን ብሮንኮስኮፕ ላስቀድም?» ሲል ጠየቀኝ። (ብሮንኮስኮፕ የአየር ቧንቧን ውስጡን የምናይበት መሣሪያ ነው፤ ስቴንት ደግሞ የጠበበን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ ነው።) ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ እኔን የወሰደኝ ከሦስቱም ጋር ወደማይገናኝ ወደ አንድ የሽምብራ ቆሎ ነው።

ልጁ ዕድሜው አራት ዓመት ገደማ ነበር። ወደ እኛ ከመላኩ በፊት መጀመሪያ አስም፣ ቀጥሎም የሳንባ ምች ተብሎ ለወራት ታክሟል፤ አንቲባዮቲኩ ትኩሳቱን ያበርድለታል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ሳሉ ይመለሳል። የራጅ ፊልሞቹን ስንደረድራቸው ጥላው ሁልጊዜ ያረፈው በቀኝ ሳንባው የታችኛው ክፍል ላይ ነበር። እናቱን «ሲበላ ትን ብሎት ያውቃል?» ብለን ስንጠይቃት፣ ቆሎ እየበላ ሲሮጥ ትን ብሎት ፊቱ ጠቁሮ እንደነበር፣ ይህንንም መጀመሪያ ለመረመረው ባለሙያ እንደተናገረች ገለጸችልን። ከተላኩልን ወረቀቶች በአንዱም ላይ ቃሏ አልሰፈረም። ልጁን በሰመመን አስተኝተን በጠጣሩ፣ ማለትም በማይተጣጠፈው የብረት ብሮንኮስኮፕ ስናይ፣ ሽምብራው እርጥበት ስቦ አብጧል፣ ዙሪያውንም ያቆጠቆጠ ሥጋ ሸፍኖታል፤ በመቆንጠጫ ሲያዝ ሥጋው ይደማል፣ ሽምብራው ይፈረፈራል። ቁርጥራጩን ለቅመን አወጣን፤ ነገር ግን ከበስተኋላው የተጠራቀመው መግል ቧንቧዎቹን አበላሽቷቸው ስለነበር ያ የሳንባ ክፍል በኋላ በቀዶ ሕክምና ወጣ። እናትየዋ መልሱን ይዛ በየሕክምና ደጁ መንከራተቷ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ወጣቶች ስክሪኑ ላይ የጎላውን ምስል ከታካሚው አፍ ከሚወጣው ቃል አብልጣችሁ የምታምኑ ይመስለኛል። ለማንኛውም ጠጣሩን መሣሪያ አስቀድሙ። ጀርመናዊው ሐኪም ጉስታቭ ኪሊያን እ.ኤ.አ. በ1897 ፍራይቡርግ ውስጥ ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ አጥንት ያወጣው በእርሱ ነው፤ ጃፓናዊው ሐኪም ሺጌቶ ኢኬዳ ተጣጣፊውን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። በጠጣሩ ውስጥ ታካሚው ይተነፍሳል፣ ደምም በሰፊው ይመጠጣል። እርግጥ እኔ ራሴ ለአዋቂ ታካሚ በአብዛኛው የማነሣው ተጣጣፊውን ነው።

ስቴንቱን በተመለከተ፣ ካንሰር ቧንቧውን ዘግቶ ለሚያፍነው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። የቲቢ ጠባሳ ወይም ለመተንፈስ እንዲያግዝ ገብቶ ለረጅም ጊዜ የቆየ ቱቦ ላጠበበው ቧንቧ ግን የብረት ስቴንት ለመትከል አትቸኩሉ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2005 ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ሥጋ እንደ ወንፊት በተሠራው ብረት ውስጥ አልፎ ይበቅላል፣ ብረቱም ሊሰበር ይችላል፤ ያን ጊዜ ማውጣቱ ከማስገባቱ እጅግ ይከብዳል።