የሒሳብ መምህራን ሥልጠና ከየት ይጀመር?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። የሒሳብ መምህራንን በጥቂት ቀናት አሠልጥኚ ተብለሻል። ክፍላቸው ውስጥ ማየት የተሳናቸው፣ መስማት የተሳናቸው፣ ስሌት በጣም የሚያስቸግራቸው ልጆች አሉ። የቱን የጉዳት ዓይነት ላስቀድም ነው ያልሽው። እዚህ ሥራ ላይ ቆይቻለሁና የማምንበትን ልንገርሽ፤ ከጉዳት ዓይነት አትጀምሪ፣ ከሒሳቡ ጀምሪ።

ለምን መሰለሽ? ሥልጠናው የጉዳት ዓይነቶችንና መንስኤያቸውን ሲዘረዝር ከዋለ መምህሩ ማስታወሻ ይዞ ይወጣል እንጂ ሰኞ ጠዋት ክፍልፋይ ሲያስተምር ምን እንደሚለውጥ አያውቅም። ይልቅ እያንዳንዱ መምህር በቅርቡ የሚያስተምረውን አንድ ትምህርት ይዞ ይምጣ። ከዚያ ጠይቂው፦ ተማሪው እንዲገባው የምትፈልገው ሐሳብ የቱ ነው? ልማድ ሆኖ የመጣው አቀራረብስ? ቁጥሮችን ከላይ ወደ ታች ደርድሮ መደመር አቀራረብ ነው። አሥር አንዶች አንድ አሥር መሆናቸው ግን ሐሳብ ነው። አቀራረቡ ይቀየራል፣ ሐሳቡ አይነካም። ይሄ የገባው መምህር አጋጥሞት ለማያውቅ ተማሪ እንኳ መላ ይፈልጋል። ያልገባው ግን "ለእነሱ ይከብዳል" ብሎ ምዕራፍ ይዘላል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ጂኦሜትሪ የተዘለለበት ልጅ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርስ ክፍተቱ የራሱ ድክመት ተደርጎ ይቆጠርበታል።

ቀጥሎ የመምህሩን አነጋገር ያዢ። "ይሄንን ወደዚህ እናመጣና ከዚህ እንቀንሰዋለን" ይላል ሰሌዳውን እያሳየ። ለማያይ ተማሪ ምንም አልተባለም። አንዱ ሠልጣኝ "ሁለት ሲካፈል ለኤክስ ሲደመር ሦስት" ብሎ ያንብብ፣ ሌሎቹ ሳይነጋገሩ ይጻፉት። አንዳንዱ ሦስቱን ታህቱ ላይ ያደርገዋል፣ ሌላው ከክፍልፋዩ ውጭ ያስቀምጠዋል። መከራከር ሲጀምሩ ነጥቡ ይገባቸዋል። ከዚያ "ክፍልፋይ ይጀምራል፣ ላዕሉ ሁለት፣ ታህቱ ኤክስ ሲደመር ሦስት፣ ክፍልፋዩ አለቀ" እያሉ እንዲያነቡ አለማምጃቸው። የሚያዩት ተማሪዎችም ይጠቀማሉ።

መምህሩ ብሬይል (በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን የነጥብ ጽሑፍ) ማንበብ ባይችል እንኳ አሠራሩን ይወቅ። በብሬይል ከ1 እስከ 9 እና 0 የሚጻፉት ከኤ እስከ ጄ ባሉት የላቲን ፊደላት ነጥቦች ነው፤ ከፊታቸው የቁጥር ምልክት ይገባል። ዓይን ባንዴ የሚያየው ክፍልፋይ ለጣት ተራ በተራ ነው የሚደርሰው። ረጅም ቀመር ሲሆን የመጀመሪያውን በአእምሮ ይዞ መጨረሻውን መዳሰስ አለ። ተጨማሪ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው፣ ለማዘን አይደለም። ራሱ ማየት የተሳነው የሒሳብ ሊቅ አብርሃም ኔሜት እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው የሒሳብ ብሬይል ኮድ እስከ ከፍተኛ ሒሳብ ድረስ ያስኬዳል። ስለዚህ "በብሬይል አይጻፍም" የሚል ሰበብ አትቀበዪ። ለስሌት ደግሞ ዶቃዎቹ እንዳይንሸራተቱ ሥሩ የተነጠፈለት የክራንመር አባከስ የሚባል የዶቃ ማስሊያ አለ። ሥዕል ላይ ተጠንቀቁ፤ ወረቀት ላይ የተሳለ ኩብ መስመሩ ጎልቶ ቢሠራም ለጣት ኩብ አይሆንም። እውነተኛ ካርቶን አስይዙት።

መስማት ለተሳነው ተማሪ ዓይን አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚያየው፣ ወይ አስተርጓሚውን ወይ ሰሌዳውን። መምህሩ ጽፎ ዝም ይበል፣ ተማሪው ያንብብ፣ ከዚያ ዞሮ ያስረዳ። በጣም ቀላል ነው፤ ግን እስኪለመድ ልምምድ ይጠይቃል።

ስሌት ለሚያስቸግራቸው ልጆች ሲሆን ደግሞ መምህራኑን የልጁን ደብተር ማንበብ አስተምሪያቸው። 52 − 27 = 35 የጻፈ ልጅ ዝም ብሎ አልገመተም። በየቤቱ ትንሹን ከትልቁ ቀንሷል፣ 7 ላይ 2ን፣ 5 ላይ 2ን። "ስህተት" ብሎ ኤክስ ማድረግ ምንም አያስተምረውም። "እንዴት አሰብከው?" ብለሽ ጠይቀሽ በአሥር በአሥር የታሰሩ እንጨቶች ስትሰጪው ግን ከ2 ላይ 7 ለማንሳት አንዱን እስር መፍታት እንዳለበት በእጁ ያየዋል። ከዚያ ሥዕል፣ ከዚያ ምልክት። ብዙ መምህር ሥዕሉን ይዘላል፣ ልጁም እዚያ ላይ ይጠፋል።

ሠልጣኞችን ዓይን ሸፍኖ ማስኬድ የሚባለውን አልወደውም። ፍርሃትና ከንፈር መምጠጥ ነው የሚያተርፈው። በዚያ ሰዓት ይልቅ፣ ሒሳብ የተማረ ማየት የተሳነው ወይም መስማት የተሳነው ሰው ጋብዢና ምን እንደረዳው፣ ምን እንዳደናቀፈው ይንገራቸው። አበልም ይከፈለው፤ አሠልጣኝ ነው።

አስተዳደሩ ይሄ ትርፍ ሥራ ነው ካለሽ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 24 አሳዪው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ ነው፤ ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ የመምህራንና የባለሙያዎች ሥልጠና በግልጽ አለ።

የተሰጠሽን ቀናት ደግሞ ባንዴ አትጨርሺ። አንዱን ቀን ቀንሰሽ ከሳምንታት በኋላ አድርጊው። መምህራኑ አስተምረው፣ የተማሪዎቻቸውን ደብተር ይዘው ይመለሱ።