ለኢሚዩኖሎጂዋ እህት፦ መጀመሪያ አበባውን ያዢ

«በኢሚዩኖሎጂ (በሰውነት የበሽታ መከላከያ ጥናት) ማስተርሴን ጨርሻለሁ። በሀገራችን የመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ሠርቼ ማሳተም እፈልጋለሁ። ግን ስለ ዕፅዋት ምንም አልተማርኩም፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ትናንት ማታ ጥያቄሽን ሳነበው የራሴ የድሮ ጥያቄ መሰለኝ። እኔም ስጀምር ሴል እንጂ ቅጠል አላውቅም ነበር። ዛሬ ስሜ ያለባቸው ሰባት ጽሑፎች ታትመዋል። አራቱ በኢሚዩኖሎጂ ነው፣ ሦስቱ በሬት ዝርያዎች ላይ። እጄን ይዞ መንገዱን ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጽፍልሽ ነው።

ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ምን ይጠይቃል እያልኩ አላደክምሽም። እሱን ታውቂዋለሽ።

1. ላብራቶሪ ከመግባትሽ በፊት የተክሉን ናሙና ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማስቀመጫ) አስገቢ።

ሌላውን ሁሉ ብትተዪ እንኳ ይቺን ያዢልኝ። እኔን ሁለት ዓመት ያስከፈለችኝ እሷ ናት።

በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥቼ የሬት ቅጠል ሰበሰብኩ። ሬትን የመረጥኩት አያቴ ቁስልም ቃጠሎም ሲያጋጥማት እሱን ስለምትቀባ ነው። ደግሞ በየሱቁ የሚሸጠው የአሎ ቬራ ጄል ውስጥ አሴማናን የሚባል ረጅም የስኳር ሰንሰለት አለ። ማክሮፌጅ የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች እንደሚያነቃቃ ብዙ ተጽፎበታል። የእኛስ ሬት ምን ያደርጋል? ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዛሬም እሟገትለታለሁ።

ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ቅጠል ይዤ ተመለስኩ። ቅጠል ብቻ። አበባ አልያዝኩም፣ ፎቶ አላነሳሁም፣ ከፍታውን አልመዘገብኩም። ሳይንሳዊ ስሙን ከአንድ የቆየ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ አሥራ አራት ወር ላብ ውስጥ ገባሁ። ውጤቱ ያምር ነበር። ጽፌ ላክሁት። ጽሑፉን ከገመገሙት ሪቪወሮች አንዱ ስለ ሴሎቹ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የጠየቀኝ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው ሬት ነው? ዝርያውን የለየው ማን ነው? የቫውቸር ቁጥሩ የታለ?

ቫውቸር ማለት ደርቆ፣ ተለጥፎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ሄርባሪየም ውስጥ የሚቀመጥ የተክሉ ናሙና ነው። ዛሬም ሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠራጠር ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። ለእኛ የደም ናሙና መዝገብ እንደማለት ነው። እኔ አልነበረኝም።

የደረቀ ቅጠሌን በኤንቬሎፕ ይዤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ሄድኩ። አንድ አዛውንት የዕፅዋት ባለሙያ ተቀበሉኝ። ቅጠሉን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ አበባው የታለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። አልተቆጡም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ ከሚባለው ተከታታይ መጽሐፍ አንዱን ከመደርደሪያ አውርደው የሬቱን ክፍል ገለጡልኝ። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው የተጠናቀቀው። ስድስት ሺህ ገደማ ዕፅዋት ተመዝግበውበታል። ሬት ብቻ ከ40 ዝርያ በላይ ነው። ብዙዎቹ ከእኛ ምድር ውጭ አይገኙም። እኛ ግን ሁሉንም «ሬት» ብለን እንጠራቸዋለን። አንዱን ከሌላው ለመለየት የአበባው ዘንግ እንዴት እንደሚከፈል፣ አበቦቹ እንዴት እንደተደረደሩ፣ ምን ያህል እንደሚረዝሙ መታየት አለበት። ከቅጠል ብቻ አይሆንም።

አበባ በሚያወጣበት ጊዜ ወደዚያው ተዳፋት ተመለስኩ። በዓይኔ አየሁት። የአንዳንዱ አበባ ዘንጉ ጫፍ ላይ ተጠጋግቶ ተቋጥሯል። የሌላው ደግሞ ረዘም ብሎ ሳሳ ብሏል። ሁለት ዓይነት ተክል ጎን ለጎን በቅሎ ነበር፤ እኔ አደባልቄ ማዳበሪያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ፍሪዘር ውስጥ «ሬት 1» ብሎ ጀምሮ «ሬት 36» የሚደርስ ቱቦ ነበረኝ። የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሊነግረኝ የሚችል ሰው በዓለም ላይ የለም። ሁሉንም ጣልኩት። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

«ሬት ሬት ነው፣ ምን ልዩነት አለው» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዶድን አስቢ። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ተነስተው ነው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን ያሳዩት። ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙበት። ያ እንኳ በአንድ ስም የሚጠራ አንድ ዝርያ ነው፤ ግን እንዶድ ሁሉ እኩል አልሆነም። ተመርጦ «ዓይነት 44» የተባለው ነው በብዛት የተጠናው። ታዲያ ከ40 በላይ ዝርያ ያለው ሬት እንዴት አንድ ይሆናል?

ስለዚህ ስትወጪ አበባ ያዢ። ሬት ከሆነ እንደ ሌላ ተክል ጋዜጣ ውስጥ ዝም ብለሽ አትጫኚው፤ ውሃ ስለሞላው ይበሰብስብሻል። ቅጠሉን በርዝመቱ ሰንጥቀሽ ውስጡን በማንኪያ ፍቀሽ አውጪው፣ ልጣጩን ብቻ አድርቂ። ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጪ። የአበባውን ቀለም እዚያው ቆመሽ ጻፊ፣ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ከየትኛው ግንድ ቅጠል እንደቆረጥሽ ቁጥር ስጪ፤ ያው ቁጥር ቱቦው ላይም ይጻፍ።

2. ውጤትሽ የተክሉ ነው ወይስ የባክቴሪያ?

ይሄኛው የአንቺው ሙያ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። ሁለተኛውን ዙር ስሠራ ማክሮፌጆቹ ቲኤንኤፍ አልፋን፣ ማለትም ብግነት የሚቀሰቅሰውን የሴል መልእክት፣ በገፍ አመነጩ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በኋላ ነው የነቃሁት። ቅጠሉ ላይ ባክቴሪያ አለ፣ ውሃው ውስጥ አለ፣ ሙቀጫው ላይም አለ። ከባክቴሪያው ግድግዳ የሚወጣው መርዝ፣ ኢንዶቶክሲን፣ ጥቂቷ ጠብታ እንኳ እነዚህን ሴሎች ታስቆጣለች። አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ) ስላደረግሽው አይጠፋም። የብርጭቆ ዕቃሽን በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ግማሽ ሰዓት አቆዪው። ከተክሉ ያወጣሽውን ኤክስትራክት ኢንዶቶክሲንን በሚለካው የሊሙሉስ ምርመራ ለኪው፣ ጎን ለጎን ደግሞ ኢንዶቶክሲንን የሚያስረውን ፖሊሚክሲን ቢ ጨምረሽ ድገሚው። የእኔ ውጤት ፖሊሚክሲኑን ስጨምርበት በግማሽ ወረደ። የቀረው ግማሽ ነው የሬቱ። የታተመልኝም እሱ ነው።

ደግሞ ከልጣጩ ሥር የሚወጣውን ቢጫ መራራ ፈሳሽ ከጄሉ ጋር እንዳታቀላቅዪ። ሴል ይገድላል። የሞተ ሴል ምንም አያመነጭም፤ አንቺ ግን «ብግነት ይቀንሳል» ብለሽ ትጽፊያለሽ። እንዲህ የተጻፈ ስንት ፔፐር አንብቤያለሁ፤ ያናድደኛል።

3. ፈቃድ። እዚህ ላይ ልቤ ስለቆሰለ ታገሺኝ።

አንድ ክፍል ምርመራው ውጭ ሀገር ካለ ላብ ጋር መሠራት ነበረበት። የጀነቲክ ሀብት ከሀገር ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሬት ላይ ደግሞ ሌላም አለ። ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከአሎ ቬራ በቀር የሬት ዝርያዎችን በሙሉ ይቆጣጠራል። ስለዚህ ሁለት ወረቀት፣ ሁለት በር ነው። አንዱ ቢሮ ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» «ማህተሙ ደብዝዟል፣ አስደግመሽ አምጪ።» በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል «ቅጠል አይደለም እንዴ? ሻንጣሽ ውስጥ ከተሽ ሂጂ፣ ማን ያይሻል» አለኝ።

እንዳትሰሚው። እንዲህ የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ከዚያ ቢሮ ውጪና የበላዩን ጠይቂ። ጤፍ ላይ የደረሰውን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ኩባንያው በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያዘ፣ ከዚያም ከሰረ፣ ፓተንቱ ግን ጸንቶ ቆየ። የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እኔ በሻንጣ ደብቄ የወሰድኩት ሬት ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ቢሆን ለአያቴ ምን ብዬ ልነግራት ነው? ሰባት ወር ጠበቅኩ። ፈቃዱ ወጣ። ቁጥሩን ፔፐሩ ላይ ስጽፈው ደረቴን ነፍቼ ነው።

ስምሽንም ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፊ፣ ኦርሲድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥርም አውጪ። የአባታችንን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስዱት፣ ኢንተርኔት ላይ ሥራዎቼ በሚዘረዘሩበት ገጽ ላይ የአንድ የቡና ጫካ ተመራማሪ ሦስት ሥራዎች ገብተው አንድ ዓመት ቆይተዋል። የእኔም አንዱ እሱ ጋ ነበር። ያንን እስካስተካክል ስንት ኢሜይል እንደጻፍኩ!

ባለፈው ወር ሄርባሪየም ሄጄ የራሴን ናሙና ከካቢኔው አስወጥቼ አየሁት። ወረቀቱ በስተቀኝ ጥግ ላይ፣ ከቦታውና ከቀኑ ሥር፣ «ሰብሳቢ» ከሚለው ቃል ጎን ስሜ አለ። የአበባው ቀለም ጠፍቷል፤ ግን ዘንጉ እንዴት እንደተከፈለ ጥርት ብሎ ይታያል።

የትኛውን ተክል እንዳሰብሽና ወዴት ለመውጣት እንደፈለግሽ እዚሁ ጻፊልኝ። አዲስ አበባ ከሆንሽ የናሙና መጫኛዬን አውስሻለሁ። የእንጨት ነው፣ አንደኛው ማሰሪያው ስለተበጠሰ ገመድ ይዘሽ ነይ።