ያቺ አንድ ብርጭቆ ሻይ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ደውላ «እትዬ፣ እኔ አያቴን ሦስት ዓመት ያስታመምኩ ሰው ነኝ። ለቤት አስታማሚነት የሚጠየቀው 75 ሰዓት ሥልጠና ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። አንድ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

ሲያትል በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሥልጠናውን የሚያስገድደው የዛሬው ሕግ ገና አልወጣም። ስትሮክ የመታቸው አዛውንት ቤት ተመደብኩ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም። ኩሽና ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ዱቄት አለ። የሚጠጡት ሁሉ በእሱ እንዲወፍር ታዟል። ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን የወፈረውን ሻይ በማንኪያ አንስተው አሳዩኝ። እንደ አጥሚት ይዝለገለጋል። ፊታቸውን አጨማደዱ። አንጀቴን በሉት። እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ያማረውን መንፈግ ነውር ነው። ቀጭን ሻይ በስኳር አፈላሁና ትራሳቸው ላይ እንደተጋደሙ አጠጣኋቸው። ደስ ብሏቸው በደህና እጃቸው እጄን ያዙኝ። ትንሽ ትን አላቸው። አለፈ ብዬ ተውኩት። ከዚያ በኋላ ሲናገሩ ጉሮሯቸው ውስጥ ውሃ የቀረ ይመስል ነበር። ልብ አላልኩም። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት፣ ከዚያ አምቡላንስ። ሆስፒታል የሳንባ ምች ነው አሉ። ለካ የሚጠጡት የሚወፍረው ወደ ሳንባቸው እንዳይገባ ኖሯል። ሲመለሱ ምግባቸው ሆዳቸው ላይ በገባ ቱቦ ሆኖ ነበር። ስለ ሻዩ ለልጃቸው አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

በፈረንጆቹ 2011 የዋሽንግተን ስቴት ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ሕጉን አጸደቀው። ሥራ ከመጀመር በፊት 5 ሰዓት፣ ቀሪው 70 በ120 ቀን ውስጥ፣ ከዚያ ፈተና፣ በየዓመቱ ደግሞ 12 ሰዓት። የገዛ ወላጁን ለሚንከባከብ ልጅ ያንሳል። ፈተናው በአማርኛም ይሰጣል። እናንተ ግን የሥልጠናውን ቪዲዮ ከፍታችሁ ወጥ ትሠራላችሁ፤ ይኼ በጣም ያናድደኛል።

ደግሞ ክፍል መቀመጥ ብቻ ሰው ያደርጋል አልልም። ካየኋቸው ሁሉ የምትበልጠው አስታማሚ አንድም ቀን ያልሠለጠነች የሐረር ሴት ነበረች። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት እጇን በሞቀ ውሃ ታሞቅ ነበር። ይኼን ከማንም አልተማረችም።

ለልጅቷ ማታ መልሼ ደወልኩላት። ተመዝገቢ አልኳት። ስለ መዋጥ የሚያስተምረው ክፍል ላይ ስትደርስ እንድትደውልልኝ፣ አብረን እንድናነበው ተስማማን።