የክረምት የምርምር ሥልጠና፦ ማን ያመለክታል? ምን ያጠናል?

ጥያቄ፦ ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ የኅብረተሰብ ጤና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ግሪን ካርድ አለን። በመስኩ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ተማሪዎች የሚሰጥ የክረምት የምርምር ሥልጠና እንዳለ ሰምታ ማመልከት ፈልጋለች። አባቷ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል፤ ይህ ያስቀራታል? ልታጠና ያሰበችው የአካባቢያችንን ኢትዮጵያውያን የደም ግፊት ነው።
እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ግሪን ካርዱ ዋናውን መሰናክል አንሥቶላታል። የአሜሪካ መንግሥት የሕክምና ምርምር ተቋም የሆነው ኤንአይኤችና ብሔራዊው የሳይንስ ፋውንዴሽን በገንዘብ የሚደግፏቸው ሥልጠናዎች ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ተማሪ የሥራ ፈቃድ ቢኖረውም ለእነዚህ አይበቃም። እሱን የሚያዋጣው ዩኒቨርሲቲው በራሱ ገንዘብ የሚያካሂደውን መፈለግ፣ አለዚያም በሰዓት እየተከፈለው የፕሮፌሰር የምርምር ረዳት መሆን ነው።

የአባቷ ዲግሪ አያስቀራትም። ነገር ግን «ከቤተሰቧ ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ» በሚለው ላይ ምልክት አታድርግ፤ ውጭ አገር የተገኘ ዲግሪም አብዛኛውን ጊዜ ይቆጠራል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የሚሰጠውን የፌዴራል ድጎማ፣ ፔል ግራንትን፣ የምታገኝ ከሆነ ግን በቤተሰብ ገቢ በኩል ልታመለክት ትችላለች።

የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ተቋም ሲዲሲ ሲደግፋቸው ከቆዩት መካከል የኮሎምቢያ፣ የሚሺጋንና የዩሲኤልኤ ፕሮግራሞች ይገኛሉ። ለእናንተ ቅርብ የሆነው ባልቲሞር ያለው የኬኔዲ ክሪገር ተቋም ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ግን በፌዴራል ገንዘብ ከሚካሄዱት በርካቶቹ ቆመዋል ወይም መስፈርታቸውን ቀይረዋል። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር የአምና ዝርዝር አትመኑ። በኅዳር አካባቢ የእያንዳንዱን ገጽ ትክፈትና ለአስተባባሪው «ለመጪው ክረምት በጀት አለ?» ብላ በአጭሩ ትጻፍ።

የማመልከቻው ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ ጥር ወይም የካቲት ላይ ይውላል። ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው በድጋፍ ደብዳቤ ነው። ሁለት መምህራንን ከታንክስጊቪንግ በፊት ትጠይቅ፤ ትራንስክሪፕቷንና የጽሑፏን ረቂቅ አብራ ትስጣቸው። በትልቅ አዳራሽ ያስተማራትና ከውጤቷ በቀር የማያውቃት ፕሮፌሰር የሚጽፈው ደብዳቤ ብዙም አይረዳትም። ደብዳቤው የሚላክበት ሊንክ ለመምህሩ የሚደርሰው እሷ ኢሜይሉን ሥርዓቱ ላይ ስታስገባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ስፓም ውስጥ ይወድቃል። ሳምንት ሲቀረው ደርሷቸው እንደሆነ ታረጋግጥ።

ወደ ጥናቱ እንምጣ። ርዕሱ ደስ የሚል ነው፤ ችግሩ ሥልጠናው 10 ሳምንት ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም ምግብ ቤት ሄዳ የሰው ግፊት ለመለካት የሥነ ምግባር ኮሚቴው፣ ማለትም አይአርቢ፣ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ እሱ ብቻውን ሳምንታት ይበላል። ስለዚህ በነጻ የሚገኝ መረጃ ትጠቀም። ኤንሄንስ የተባለው የሲዲሲ ጥናት የሰዎችን የደም ግፊት በተንቀሳቃሽ ክሊኒክ ይለካል። ለሕዝብ በሚለቀቀው ፋይል ላይ ግን የትውልድ አገር «አሜሪካ» ወይም «ሌላ» ተብሎ ብቻ ስለሚመዘገብ ኢትዮጵያውያንን ለይታ ልታገኝ አትችልም። የአሜሪካን ኮሚዩኒቲ ሰርቬይ በኢትዮጵያ የተወለዱትን ይለያል፤ የጤና ኢንሹራንስንም ይጠይቃል፤ የደም ግፊት ግን የለበትም።

እንግዲህ ጥያቄዋን ታጥብብ፦ አሜሪካ በተወለዱና ውጭ አገር በተወለዱ ጥቁር ጎልማሶች መካከል የደም ግፊት ልዩነት አለ? ይህ በኤንሄንስ ይሠራል። እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስተው የናሙና ክብደት፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጠኚ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየው ቁጥር ነው፤ ጥናቱ አንዳንድ ቡድኖችን ሆን ብሎ በብዛት ስለሚወስድ፣ ያለ ክብደቱ የተሰላ አማካይ የአገሪቱን ሕዝብ አይወክልም። አር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር «ሰርቬይ» የሚባለውን ፓኬጅ አሁኑኑ ብትለማመድ ሥልጠናው ሲጀመር ጊዜ ታተርፋለች።

በማመልከቻ ጽሑፏ «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ከማለት ይልቅ ይህን ጥያቄ ታስቀምጥ፤ «ጥቁር» የሚለው ምድብ ኢትዮጵያውያን ተለይተው እንዳይታዩ እንዴት እንደሚሸፍናቸውም በሁለት ዓረፍተ ነገር ትግለጽ። አማካሪ የሚመድቡት ሰዎች ከማን ጋር እንደሚያገናኟት የሚያውቁት ከዚህ ነው።

የሚከፈላት አበል ደመወዝ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ ታክስ አይቆረጥበትም፤ ታክስ ግን ይከፈልበታል። ከሚደርሳት ላይ የተወሰነ ለሚያዝያ ታስቀምጥ።